«ባዮሎጂ ደረሰኝ»

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ምደባ በሚወጣበት ሰሞን፣ የእሑድ አምልኮ አልቆ ሰው በግቢው ሰላምታ ሲለዋወጥ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «የእገሊት ልጅ ምን ደረሳት?» የሚል። ሕክምና ከሆነ እልልታ ነው። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ከሆነ «ጌታ ይመስገን» ይባላል። ባዮሎጂ ከሆነ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። እናትየዋ ነጠላዋን ታስተካክልና «እንግዲህ እርሱ ያውቃል» ትላለች። አጠገቧ የቆመችው ደግሞ «አይዞሽ፣ ኋላ ትቀይራለች» ብላ ታጽናናታለች፤ ቤቷ የተቃጠለባትን ሴት እንደምታጽናና።

እኔ የምኖረው ጎንደር ነው። የመጋቢ ቤት በር፣ እንደምታውቁት፣ አይዘጋም። ከማራኪና ከአፄ ቴዎድሮስ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች ቡናችንን ጠጥተው፣ ሽሯችንን በልተው፣ ጭንቀታቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ለብዙ ዓመታት ሰምቼዋለሁ። የባዮሎጂ ተማሪ ራሱን ሲያስተዋውቅ እንኳ «ባዮሎጂ ነኝ፤ ግን...» ብሎ ይጀምራል። ያቺ «ግን» ታሳዝነኛለች። ሐኪሙም ኢንጂነሩም አያስፈልጉንም የሚል ክርክር የለኝም። በዚህች አገር የባዮሎጂ መምህራን ምን እንደሠሩ፣ በምን ዓይነት ዘመን ውስጥ እንደሠሩት አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ መምጣቱን፣ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ መሄዱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ምናልባት የዋግኖስን ነገር ነው። ብሩስ ብርቱ ተቅማጥ ይዞት ሲሰቃይ የአገሩ ሰዎች ዋግኖስ የሚባለውን ተክል ሰጡት፤ እርሱም ዳነ። ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ያ ተክል በሳይንሱ ዓለም በእርሱ ስም «ብሩሲያ» ተብሎ ተጠራ። መድኃኒቱን ያቀመሱት ሰዎች ግን በስሙ ውስጥ የሉም።

ከእርሱ በኋላ በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ሰነበተ። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም በጽሑፍ የገለጸው እርሱ ነው። ሌላው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ እዚሁ ቀረ። በትግራይና በሰሜን ተራሮች ለአርባ ዓመታት ያህል እየኖረ በሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋትን ቀጥፎ፣ አድርቆ፣ ወደ አውሮፓ ላከ። የሞተውም አድዋ ነው። ዛሬ የዕፅዋት መጽሐፍ ብትገልጡ በሺምፐር ስም የሚጠራ የኢትዮጵያ ተክል ታጡ ይሆን? አታጡም። በየገጹ ነው ያለው።

ይህን የምነግራችሁ ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ደክመዋል፤ በተለይ ሺምፐር። ችግሩ ሌላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ መምህሮቻችን ስለ ጥንታዊ የብራና ቅጂዎች ሲያስተምሩን፣ በአንድ ቃል ላይ ክርክር በተነሣ ቁጥር ወደ ቀደሙት ቅጂዎች መመለስ ግድ ነው ይሉን ነበር። በዕፅዋት ጥናትም ነገሩ ይመሳሰላል። አንድ ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሲወጣለት ስሙ የተመሠረተበት አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ይኖራል። ይህ መነሻ ናሙና ይባላል። ክርክር ሲነሣ ወደ እርሱ ይኬዳል። የእኛ አገር መነሻ ናሙናዎች ታዲያ የት ነበሩ? ለንደን፣ ፓሪስ፣ ፍሎረንስ፣ በርሊን። የበርሊኑ ክምችት አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በቦምብ ተቃጠለ። ስለዚህ ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ከቤቱ ጓሮ ያለውን ተክል ትክክለኛ ስም ማረጋገጥ ቢፈልግ ባሕር መሻገር ነበረበት። አዳም ለፍጥረት ስም እንዲያወጣ የተሰጠው እዚያው በሚኖርበት ገነት ውስጥ እንደነበር አስታውሱ። እኛ ግን የገነታችን የስም መዝገብ በሰው አገር ተቀምጦ ነበር።

መዝገቡን ወደ አገር ቤት ለማምጣት ከተነሡት ሰዎች አንዱ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 አድዋ አካባቢ ተወለዱ፤ በ1963 በአዲስ አበባ ተመረቁ፤ በ1969 በዌልስ፣ ባንጎር፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጽፈው በሰነዶቹ ላይ እንደዚያ ስለሚገኙ ነው፤ ታገሡኝ። ሰው እኚህን ሰው የሚያውቃቸው ኋላ በሠሩት ሥራ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት መርተዋል። በዘረመላቸው የተለወጡ ዝርያዎች ጉዳይ በዓለም መድረክ ሲከራከር አፍሪካን ወክለው ተሟግተዋል፤ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ታላቅ ሽልማትም በ2000 ተቀብለዋል። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሲያርፉ ዜናው ሁሉ ስለዚህ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው፣ ብዙም የማይወራው ዘመናቸው ነው።

እስቲ አስቡት። የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን የሆኑት በ1974 ነው። በዚያ ዓመት ንጉሡ ወረዱ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ላይ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች ባዶ ሆኑ። ዘመቻው ሲያበቃ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ። የዚያን ጊዜ የነበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኔ አልነግራችሁም። ወጣት ማለት ራሱ ወንጀል በሆነበት ዘመን የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን መሆን ምን ማለት ይሆን? እርሳቸው በዚያ ወንበር ላይ እስከ 1978 ቆዩ፤ ከዚያ የብሔራዊ ሄርባሪየም ኃላፊ ሆኑ።

ሄርባሪየም ማለት የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዛግብት ነው። የእኛው እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ ሲሆን አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ቅርንጫፉ ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ይቆረጥና በጋዜጣ መሃል ተዘርግቶ በሁለት ጣውላ መካከል ይጠፈራል። ጋዜጣው እርጥበት በመጠጠ ቁጥር ይለወጣል። ሲደርቅ በጠንካራ ወረቀት ላይ ተለጥፎ መግለጫ ይጻፍበታል፤ ከየት እንደተቀጠፈ፣ ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የአገሬው መጠሪያ፣ የቀጣፊው ስም። አለቀ። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መቶ ዓመትም ሁለት መቶ ዓመትም ይቆያል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በሬዲዮ አይጠራም። ለስብሰባም አይመችም።

ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ አንድ በአንድ መዝግቦ በመጽሐፍ የማውጣቱ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ በደርግ ዘመን። ከስዊድን በኩል ፕሮፌሰር ኢንጋ ሄድበርግ፣ ከእኛ በኩል ዶ/ር ተወልደብርሃንና ባለቤታቸው፣ እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። (የመጋቢ ሚስት ነኝና ባልና ሚስት አብረው የሠሩትን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ዶ/ር ተወልደብርሃን በ1983 የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ከሄዱም በኋላ በመጽሐፎቹ ላይ የአርታዒነት ስሟ ታትሞ የወጣው የሱ ኤድዋርድስ ነው።) የአስመራውም ሹመት ሰላም አልነበረውም፤ ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1990 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ሠራተኞቹ ወደ መሃል አገር ተዛወሩ።

መጽሐፉስ? መጀመሪያ የታተመው አንደኛው ቅጽ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ሦስተኛው ነው፣ በ1989። ጽሑፉ የተጠናቀቀለት ቤተሰብ ቀድሞ ይወጣ ነበር። በዚያ ቅጽ ውስጥ የጽጌረዳ ቤተሰብ ይገኛል፤ ኮሶና ቀጋ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1995 የሣሮች ቅጽ ወጣ፤ እንጀራችን፣ ጤፍ፣ እዚያ ውስጥ ከሣሮች ጋር ተመዝግቧል። አደይ አበባን፣ ኑግን፣ ሱፍንና ግራዋን የያዘውን ትልቁን ቤተሰብ ዶ/ር መስፍን ታደሰ ጽፈው በ2004 አወጡት። እኚህ ሰው ቀደም ሲል፣ በ1984፣ በኡፕሳላ ዶክትሬታቸውን የሠሩት የአደይ አበባን ወገኖች በማጥናት ነበር። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ልጆቻችን እቅፍ አድርገው የሚያመጡልንን አበባ አንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታት ሰጥቶ፣ ቅጠሉን ቆጥሮ፣ ፍሬውን በማጉያ አይቶ አጥንቶታል ማለት ነው። አንደኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ፣ ከማውጫው ጋር፣ በ2009 ታተመ። ስምንት ቅጾች፣ በአሥር መጻሕፍት፣ በ29 ዓመት። በውስጡ የተመዘገቡት ዕፅዋት 6 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከእኛ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሰሜን ተራሮቻችን ጅብራ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በዚያ 29 ዓመት ውስጥ ምን ያልተለወጠ ነገር አለ? መንግሥት ተለወጠ። ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ የመጽሐፉም ርእስ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» ተብሎ ተስፋፋ። ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ በነበሩበት ጊዜ እንኳ ሥራው አልተቋረጠም፤ አንዱ መጽሐፍ በዚያው በ2000 ወጣ። የአገሪቱ ካርታ በክልል ሲከለል መጽሐፉ ግን ሲጀመር በያዘው አከላለል ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬም ስትገልጡት ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ሸዋ እያለ ነው ተክሉ የሚገኝበትን የሚነግራችሁ። ጎንደር በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ጂ እና ዲ ተብላ ተቀምጣለች። ወይራው የትኛው ክልል ውስጥ እንደበቀለ የሚጨነቅ አይመስልም።

ሥራውን ከዳር ያደረሱት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እርሳቸውም በ1985 ከኡፕሳላ ተመርቀው ወደ አራት ኪሎ የተመለሱ ናቸው። ሄርባሪየሙን መሩ፣ የመጽሐፉን ፕሮጀክት እስከ ፍጻሜው ይዘው ዘለቁ፣ የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል መሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ዓለም አቀፍ ሜዳልያውን ሸለማቸው። የሺምፐር ናሙናዎች ከተከማቹባቸው ቤቶች አንዱ ኪው ነው፤ ለሸላሚዎቹም ለተሸላሚውም ደስ ብሎኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ላውራ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ የተሠራው ሰላማዊ ጸጥታ ባለበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳይመስላችሁ። በ1985 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የተማሪዎች ሰልፍን ተከትሎ በመጡት ወራት ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ስንት ዓመት የፈጀ ዕውቀት በአንድ ደብዳቤ በር ወጣ። ከዚያ የመስፋፋት ዘመን መጣ። እዚህ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ደባርቅ እንኳ፣ ከፓርኩ በር ላይ፣ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። እኔ ይህን መስፋፋት ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። የጃናሞራ ገበሬ ልጅ ዲግሪ ሲይዝ ያየ ዓይን እንዴት ያጣጥላል? ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል የባዮሎጂ ክፍሎች ጢም ብለው ሞሉ። አንዱ መምህር በቡናችን ሰዓት እንዳጫወተኝ፣ ለአንድ ማይክሮስኮፕ ተማሪዎቹ እንደ ዱቄት ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ቆይቶ ደግሞ ወደ አራት ተመለሰ።

ቀጥሎ ነገሩ ተገለበጠ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014ም በ2015ም የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ሆነ። የመውጫ ፈተናም በ2015 ተጀመረ። ኅዳር 2015 ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዛቸው ኑሮን አልደረሰበትም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ተቀሰቀሰ፤ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው ጥሪ የጠበቁበትን ጊዜ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ትናንት ክፍል የጠበበበት መምህር ዛሬ ጥቂት ልጆች ፊት ቆሞ ያስተምራል። እነዚያም አብዛኞቹ ባዮሎጂን መርጠው አልመጡም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ መምህር እድገት የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ነው። ቶሎ ቶሎ መጻፍ አለበት። አንድን የተክል ቤተሰብ ለመጨረስ አሥር ዓመት የሚፈልግ ሥራ በዚህ አቆጣጠር ውስጥ ሰውን ያስርባል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያስተርፍለት ወጣት መምህር ቅዳሜና እሑድ ሌላ ቦታ ያስተምራል፤ ወይም ባጃጅ ገዝቶ ያከራያል። ማን ነው ጅብራ ሲያብብ ለማየት ብዙ ዓመት የሚጠብቀው? ጅብራ እኮ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው፤ አብቦም ይሞታል። ያጠኑትን ሰዎች አንድ በአንድ ጡረታ ሲወስዳቸው በወንበራቸው የሚቀመጥ ተተኪ ካልተገኘ፣ መጽሐፉ ይኖራል፤ አንባቢው ይጠፋል። በጎ ለውጥም እንዳለ አልክድም። በአውሮፓ ያሉት መነሻ ናሙናዎች ብዙዎቹ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ወጥተዋል። ኔትወርክ ባለበት ቀን የደባርቅ ተማሪ ሺምፐር ከተራራው የቀጠፈውን ቅርንጫፍ በስልኩ ያየዋል። ተወልደብርሃን በወጣትነታቸው ይህን ቢያገኙ ስንት መርከብና አውሮፕላን በተረፈላቸው!

ይህን ሁሉ የማወራው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ከሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የመጀመሪያ ልጄ ናት። «እማዬ» አለችና ዝም አለች። ከዚያ፣ «ባዮሎጂ ደረሰኝ።» ለቅሶዋ ተከተለ። ሕፃን ሆና ጀምሮ ሐኪም ነኝ ስትል ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ስልኩን ተቀብሎ ጸለየላት፤ እኔ ግን በዚያ ሌሊት ስለ እንዶድ ነገርኳት።

ቀሃ ወንዝ ወርደው ጋቢና ነጠላ በእንዶድ የሚያጥቡ እናቶችን እያየች ነው ያደገችው። ታዲያ አድዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ያንኑ አዩ። እርሳቸው ያስተዋሉት ግን ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያ የእንዶድ ምርምር ተጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የዓለም ድርጅቶች ግኝቱን ለመቀበል ብዙ አመነቱ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድን ተሸለሙ። «ሐኪሙ የታመመውን ያክማል፤ እርሳቸው የበሽታውን መንገድ ያዩት ባዮሎጂ ተምረው ነው» አልኳት። ልጄ አፍንጫዋን እየጠረገች ሰማችኝና፣ «እማዬ፣ እርሳቸው ምርጫቸው ነበር፤ እኔ ተመድቤ ነው» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። እውነቷን ነው።

ክፍሏን አልቀየረችም። መቀየር የሚቻልበት ቀን አለፈ፤ ወይም አሳልፋው ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም። በሁለተኛው ዓመት የዕፅዋት ትምህርት ላይ አንድ መምህር አገኘች። ተማሪዎቹ ስድስት ናቸው። መምህሩ ስድስቱን ይዞ በግቢው አጥር ዙሪያ እየዞረ ቅጠል ያስነካቸዋል፣ ያሸትታቸዋል፣ ከዚያ ያን የሦስተኛውን ቅጽ ገልጦ «አሁን ራሳችሁ ፈልጉት» ይላቸዋል። አንድ ቀን በስልክ፣ «እማዬ፣ ዛሬ አንዱን ተክል ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ግን ደረስንበት» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ያቺ «ግን» ቦታዋን ቀይራ ነበር።

ባለፈው ዕረፍቷ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ ወደ ባለቤቴ እናት ዘንድ ወደ ዳባት ሄድን። አማቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከአጥራቸው ያለውን ሁሉ ግን በስም ይጠሩታል። ልጄ ፍሬ የያዘ የቀጋ ቅርንጫፍ ቆርጣ በድሮ ጋዜጣ መሃል ዘረጋችው፤ ሁለት ጣውላ አግኝታ በጠፍር አሰረችው። አያቷ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በትኩረት ይመለከቷት ነበር። በወረቀቱ ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን ጻፈች። «ቀጋ» ብላም ጻፈች። በመጨረሻ የቀጣፊውን ስም፣ የራሷን፣ ጻፈች።

«ምን አልሽበት?» አሏት አያቷ።

አነበበችላቸው።

«ቀጋ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«ታዲያ እኔ የለሁበትም?»

ልጄ ሳቀችና ጎንበስ ብላ ከተክሉ ስም ሥር የአያቷን ስም ከነአባታቸው ጨመረችበት፤ ስሙን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው ብላ። እንዲህ መጻፍ በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ያስመሰግናል አሉ።

እርሷ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ የዚህ ዓመት መውጫ ፈተና ይጠብቃታል። ጋዜጣውን የመለወጡ ሥራ በአማቴ ላይ ወደቀ። ጎረቤት ያለውን የሱቅ ልጅ አሮጌ ጋዜጣ እያስመጡ፣ ጠፍሩን እየፈቱ፣ መልሰው እያሰሩ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ደኅንነታችንን ጠየቁ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ቀጋው ደርቋል» አሉኝ። «መንገዱ ሲከፈት የሚወስደው ማን ነው?»